አልጨበጥ ያለ እጅ

ነቀምቴ፣ እሑድ ኅዳር 15 ቀን 1978 ዓ.ም.

ዛሬም ጣቶቼ ደርቀው አደሩ። የቀሚሴን ቁልፍ የቆለፈልኝ ባሌ ነው። ጡቴን ካስቆረጥኩ ወዲህ ካንሰሩ እንዳይመለስ የምውጠው ኪኒን መገጣጠሚያዬን ሁሉ ያሳምመኛል። የአዲስ አበባው ሐኪም «መድኃኒቱ ነው፣ ቻይው» አለኝ። ምን አለበት፣ ጣቱ የእሱ አይደለም! ተናድጄ ኪኒኑን ሳልውጥ ወደ ቀበሌ ስብሰባ ሄድኩ።

መፈክር ሲጀመር ሁሉም ግራ እጁን ጨብጦ አነሳ። የእኔ ጣቶች ግን አልታጠፍ ብለው መዳፌ እንደተዘረጋ ቀረ። ሊቀ መንበሩ አየኝና «ጓዲት፣ ማንን ነው የምትሰናበቺው?» አለ። ሰው ሳቀ። ያ ሁሉ ወንድ ፊት ስለ ጡቴ ላወራ ነው? ዝም ብልም አድኃሪ ልባል ነው።

ጎረቤቴ አዴ አያንቱ ከጎኔ ነበሩ። ጣቶቼን በሰፊ መዳፋቸው ሸፍነው፣ ሁለታችንንም አንድ ጭብጥ አድርገው ወደ ላይ አነሱን። «አይዞሽ ኢንተላ ኮ፣ አይዞሽ ልጄ፣ እኔ ልጨብጥልሽ» አሉኝ ቀስ ብለው። እጃቸው ይሞቃል።

«አብዮታዊት ኢትዮጵያ ወይም ሞት!» ተባለ። «ሞት» የሚለው ላይ ስደርስ አፌ አልከፈት አለ።

ቤት እንደገባሁ ኪኒኑን ዋጥኩት።