ልጄ አገረ ገዥውን ልትገጥም ነው

ሎርና ልትወዳደር ነው! የኛው ሎርና፣ ላም የምታዋልደው ልጄ፣ አገረ ገዥውን ልትገጥም ነው! ወረቀቱ ትናንት ገብቶ ማኅተም ሲመታበት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ደስ ይበለኝ ግራ ይግባኝ እኔም አላወቅሁትም።

ይቅር በይኝ እታለም ማርሲ፣ ሰላምታውን ዘልዬ ገባሁ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ዌይንን ያ ሳል ለቀቀው? የአሪዞና ሙቀት ከአሁኑ እንዲህ ካደረጋችሁ ኋላ ምን ልትሆኑ ነው እያልኩ አስባለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ጭቃው ደርቆ መንገዱ መንገድ መስሏል፣ ላሞቹም ወደ ግጦሽ ወጥተዋል።

አሁን ከሥሩ ልጀምርልሽ። በረዶው ሳይቀልጥ ጀምሮ ጋዜጣው ማን ይገጥመው ይሆን ሲል ነው የከረመው። የግዛቱ ገንዘብ ያዥ ትወዳደራለች ተባለ፤ እሷ "ከቤተሰቤ ጋር እየመከርኩ ነው" አለች። ምክትሉ ተባለ፤ እሱም እየመከረ ነው። የበረዶ ሸርተቴው ባለሀብትም እንዲሁ። አገረ ገዥው ራሱ ደግሞ እንደ ልማዱ "ምክር ቤቱ ሥራውን ሳይጨርስ ስለ ምርጫ አላወራም" ብሎ ጭጭ። በሩ ተከፍቶላቸው አንቺ ቅደሚ አንቺ ቅደሚ እንደሚባባሉ ላሞች ሆኑልሽ። መክረው መክረው ሁሉም ቀሩ።

ባለፈው ቅዳሜ ቆሻሻ ልጥል ሄድኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ መጣያው ጋ የማይገኝ ሰው እንደሌለ መቼም አትረሺውም። ኢርማ ቲቦ የመኪናዋ አፍንጫ ላይ ወረቀቷን ዘርግታ ቆማለች። ኢርማ ባለ ጣራው ድልድይ ይጠገን እያለች ፊርማ ስትሰበስብ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እሷ የዘረጋችውን ማን አንብቦ ያውቃል? ስለ ቲማቲም ችግኜ እያወራሁ ስሜንም አድራሻዬንም ጽፌ ፈረምኩ። "እንኳን ደስ ያለሽ!" አለችኝ። "ምነው፣ ድልድዩ ተፈቀደ እንዴ?" አልኳት። "የምን ድልድይ አመጣሽብኝ? ልጅሽ ለአገረ ገዥነት እንድትቀርብ እኮ ነው የፈረምሽው! አንቺ ሴትዮ፣ ቤትሽን ልሽጠው ብልሽም ትፈርሚልኛለሽ ማለት ነው!" ብላ ሳቀችብኝ። ከኋላዬ የተሰለፉትም አብረው ሳቁ። ለካ አገሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል፤ ለመወዳደር የሚጠየቀው አምስት መቶ ፊርማ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ያልሰማሁት እኔ እናቷ ብቻ!

በዚያው ሎርና ጋ በረርኩ። "ለምን ደበቅሽኝ?" ስላት "አባዬን ፈርቼ ነው እማዬ፤ አንቺ ካወቅሽ እራት ሳይደርስ እሱም ያውቃል" አለች። እውነቷን ነው። አባቷ ራስል አገረ ገዥውን አራት ጊዜ መርጦታል። ያኔ መኪናችን ጭቃ ውስጥ ስትሰምጥ ከራሱ መኪና ወርዶ፣ በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማው፣ ከራስል ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆኖ የገፋ ሰው ነው። እኔም ብሆን እወደዋለሁ። "ታዲያ ምን አጠፋ?" አልኳት። "ምንም አላጠፋም፣ ጥሩ ሰው ነው። ግን በሁለት ዓመት ውስጥ እኔ ከብት ከማክምባቸው በረቶች አሥራ አንዱ ተዘጉ፤ እሱ መጥቶ እጅ ጨብጦ፣ አዝኖ ሄደ" አለችኝ። እሱም ልክ፣ እሷም ልክ፤ ራሴ ዞረ። ብቻ "አባዬ ካልፈቀደ ወረቀቱን አላስገባም" ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ሐሙስ ነበር፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚዘጋው።

ለራስል ነገርኩት፤ አዎ፣ እራት ሳይደርስ። አምስት ቀን ሙሉ ቁርጡን አልነገረንም። ሣር አጨደ፣ አጥር ጠገነ። እኔ ስጸልይ ሰነበትኩ፤ ግን እሺ እንዲል ይሁን እምቢ እንዲል እግዜር ነው የሚያውቀው።

ሐሙስ ጠዋት አንዷ ጊደር ምጥ ጠናባትና ሎርና መጣች። ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገብታ ስትታገል አባቷ የጊደሯን ጭራ ይዞ ቆሟል። ድንገት "ይህን እንደጨረስሽ ታጠቢና ሂጂ፤ ዋና ከተማው ድረስ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ በሩን ይዘጉብሻል" አላት። እሷ ክንዷን እንኳ ሳታወጣ "ትመርጠኛለህ እንዴ አባዬ?" አለችው። "እሱን የድምፅ ሳጥኑ ያውቃል። በይ ሳቢ!" አላት። ጥጃዋ ወጣች፤ ሎርና በረት በረት እየሸተተች፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም መኪናዋን ነዳች፤ እኔም አብሬያት።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ራስል ስልክ አንስቶ ለሎርና በምናዘጋጅላት የዶሮ ፓይ ድግስ ላይ ማንን እንደጠራ ብነግርሽ አታምኚኝም፤ አገረ ገዥውን! "አንተ ሰውዬ አብደሃል? ልጅህ ልትጥለው የተነሳችውን?" ብለው "እሱ ወረቀቱን አስገባ እንጂ ስለ ምርጫ ገና አላወራም፤ ስለዚህ ለጊዜው የዶሮ ፓይ የሚበላ ጎረቤት ነው" አለኝ። ሰውየውም እመጣለሁ ብሏል። ልጄን መምረጤ አይቀርም፤ ግን የጋገርኩትን ፓይ ሳቀርብለት ዓይኔን የት ላድርገው? ማንንስ ከማን አጠገብ ላስቀምጥ? ነይና አንድ በይኝ።

ዌይንን ሳሚልኝ። ኬልሲን ለፈተናዋ በርቺ በያት፣ ትንሹ ኦወንን ጉንጩን ቆንጥጪልኝ፣ አማትሽንም እጅ እነሳለሁ። እህትሽ ዳርሊን ነኝ፤ ዌስት ሃርሎው፣ ቨርሞንት፣ ሜይ 29 ጻፍኩልሽ። ድግሱ በረታችን ውስጥ ነው፤ ዌይንም ልጆቹም አማትሽም፣ አንድ ሰው እንዳይቀር፤ ጁን ስድስት፣ ቅዳሜ፣ ላሞቹ እንደታለቡ።