አልሰማ ያለችኝ ሴንሰር

ይድረስ ለወንድምጋሼ፣

ከእኔ የበለጠ ጤና ይስጥህ፤ እኛ ሁላችንም ደኅና ነን።

እልል በል፣ በደብዳቤ ያስተማርከኝን የሙዚቃ ሰሌዳ ሠራሁት! የምሳ ዕቃ ክዳን ላይ፣ ከአልሙኒየም ፎይልና በእርሳስ ካጠቆርኩት ወረቀት የሠራኋቸውን ስድስት ሴንሰሮች ለጠፍኩ፤ በጣት ሲጫኗቸው ኮምፒውተሩ ያዜማል። ባለቤቴማ "ልብስ ሰፊ አግብቼ ኢንጂነር ሆና አረፈችው!" እያለ ይስቅብኛል።

በግራ እጄ የምጫናት አንዷ ብቻ አልሰማ አለችኝ። ሽቦዋን ሦስቴ ቀየርኩ፣ ወረቀቷንም እንደ አዲስ አጠቆርኩ። ልጄ መጥታ ነካ ብታደርጋት ጮኸች!

"እማ፣ አንቺ እኮ አልተጫንሻትም" አለችኝ።

እኔ ግን ተጭኛት ነበር። "ሰው ትመርጣለች ማለት ነው" ብዬ ሳቅሁ።

እናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብርጭቆ ከእጇ በወደቀ ቁጥር "ምነው ልብ ብትይ!" እያልኩ መጮኼ ትዝ አለኝ። አንድ ቀን እንኳ ያንን እጇን ይዤ አላየሁላትም። ለመሆኑ ሕመሙ የጀመራት በየትኛው እጇ ነበር? እንዲያው ለወሬ ያህል ነው።

ሴንሰሯን ወደ ቀኝ አዛውሬያታለሁ፤ አሁን ዜማው ሙሉ ነው። ስትመጣ ወደ ቦታዋ እመልሳትና የግራውን አንተ ትጫወትልኛለህ፤ ብቻ አትዘግይ። እስከዚያው በሰላም ያቆየን።

ወሬ የማያልቅባት እህትህ