የሳዳኤ ዘፈን ባለቤት አላጣም

ውድ ሳዳኤ፣

በአማጋሳኪ ከተማ ከእኔ የተሻለ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የለም። እሺ፣ ከተማው ሰፊ ነው፤ በሰፈራችን ልበል። ሰፈሩም ውስጥ ያ ጡረታ የወጣው መምህር አለ፤ እንግዲያው እኔ ባለሁበት ፎቅ ላይ የሚያህለኝ የለም። ከጎኔና ከፊት ለፊቴ ያሉት ቤቶች ባዶ መሆናቸውን ግን ለማንም አታውሪ።

አዎ፣ እኔው ነኝ የምጽፈው፣ ሚትሱዮ። እጄን የያዘልኝ ሰው የለም። የማታውን የፊደል ትምህርት ጨርሻለሁ። አስተማሪዬ የልጅ ልጄ ብትሆን የማያስገርም ልጅ ናት፤ "እትዬ ሚትሱዮ፣ ፊደልዎ ወደ ቀኝ ይወድቃል" አለችኝ። "ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቆሞ የጠበቀኝ ፊደል ነው፤ ትንሽ ዘመም ቢል ትፈርጂበታለሽ እንዴ" አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። በስልክማ ሞክሬሽ ነበር። ልጅሽ በጠራራ ፀሐይ "እናቴ ተኝታለች" ትለኛለች። ደብዳቤ ግን ተኝቻለሁ ቢሉት አይመለስም፤ ትራስሽ ሥር ገብቶ ይጠብቅሻል።

ማንበብ አለመቻሌን በሃማዩ ምግብ ቤት ካንቺ በቀር ያወቀ የለም። ከምሳ በኋላ በካራኦኬው ማሽን ልንዘፍን ስንሰበሰብ "ሚትሱዮ ዛሬም መነጽሯን ረስታ መጣች" ትያቸውና ሪሞቱን ከእጄ ነጥቀሽ ዘፈኔን ትመርጪልኛለሽ። ቃሉ በቴሌቪዥኑ ላይ ቀለሙን እየቀየረ ሲሮጥ፣ አንቺ ከኋላዬ ሆነሽ መጪውን ስንኝ ጆሮዬ ውስጥ ታስቀምጪልኛለሽ። ጋሽ ቶኩጂ "ይቺ ሴትዮ የመነጽር ሱቅ ልትከፍት ነው እንዴ፣ በየቦታው የምትጥለው?" ይል ነበር። በወጣትነታችን ከየሬዲዮኑ የሚወጡት የሴት ዘፈኖች፣ ወደቡ፣ ዝናቡ፣ ሄዶ የቀረው ሰውዬ፣ ሁሉንም የተማርኩት ካንቺ ትንፋሽ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ሃማዩ ቤት ቺዙሩ የምትባል አዲስ ሴት መጥታለች። የጥርስ ሐኪም ባሏ የሞተባት፣ ማይኩን በመሐረብ ጠርጋ የምትይዝ ሴት ናት። ባለፈው ማክሰኞ ያንቺ ቦታ ላይ ተቀመጠች። ይሁን፣ ወንበር ነው አልኩ። ቀጥሎ ግን የዚያች ወደብ ላይ ጃንጥላ ይዛ የምትጠብቀው ሴት ዘፈን መግቢያ ተሰማ። ያንቺ ዘፈን። በዚያ ቤት የሰው ዘፈን የሰው መሆኑን ታውቂያለሽ። የጋሽ ቶኩጂን ዘፈን ከሚነካ፣ ሰው የጥርስ ብሩሹን ቢነካበት ይሻለዋል።

ሴትየዋ ተነሥታ ጀመረች። ድምፅዋ ጅራቷ በር ላይ የተቀረቀረባት ድመት ነው። እኔም ብድግ ብዬ ማሽኑን አጠፋሁት፤ መሃል ላይ። ጎርሶ እያኘከ ካለ ሰው አፍ ምግቡን መንጠቅ ማለት ነው።

"ምን ነክቶሽ ነው?" አለች እማማ ኪኑ፣ የቤቱ እመቤት፣ ከባንኮኒው ጀርባ።

"የሳዳኤ ዘፈን ነው።"

"ሳዳኤ የት አለች?"

"ኦካያማ፣ ልጇ ቤት። ትመጣለች።"

"እሱን አንቺ ነሽ የምትይው። እሷማ 'ጉሮሮዬን ከተቀደድኩ ወዲህ ዘፈን የለም፣ ለፈለገ ስጪው' ብላ አስደውላልኛለች።"

ቺዙሩ ወገቧን ሰብራ ጎንበስ አለች። "ባለቤት እንዳለው የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ" አለች። ብትሰድበኝ በወደድኩ። ጋሽ ቶኩጂ ደግሞ የአኩሪ አተር ቶፉውን እየቆረሰ "ሚትሱዮ፣ መነጽርሽን ያደረግሽ ቀን ይብስብሻል" አለኝ።

እማማ ኪኑ ፈረደች። "የቼሪ አበባ ዝግጅታችን በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ሳዳኤ መጥታ ዘፈኗን ካልያዘች፣ ከዚያ ወዲያ የቺዙሩ ነው። ዘፈን እንደ ዕቃ አይቀመጥም፤ ይሻግታል።"

ሳዳኤ፣ የተናደድኩት ባንቺ ነው። ስጪው ስትያት እኔን አልጠየቅሽም።

አምና ሆስፒታል ሳለሽ፣ አንገትሽ ታሽጎ፣ መናገር ሲከለክሉሽ፣ በዚያች ነጭ ሰሌዳ ላይ ጽፈሽ አሳየሽኝ። ማንበብ እንደማልችል ረሳሽው። ሕመም ያስረሳል፤ አልፈርድብሽም። እኔ ግን ዓይንሽ እንባ አቅርሮ ሳየው ትልቅ ነገር የጻፍሽ መሰለኝ። እጅሽን ይዤ "እኔም እወድሻለሁ፣ አይዞሽ" አልኩሽ። አንቺ ሰሌዳውን ደግመሽ አነሣሽው። እኔም ደግሜ "እኔም" አልኩሽ። ነርሷ ገብታ አነበበችውና ውሃ አመጣችልሽ። ውሃ ነበር የጠየቅሽኝ። ሳቅሽ፤ ሳቁ ቁስልሽን አሳመመሽና ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዞርሽ። እኔ በነጋታው የማታ ትምህርቱ በር ላይ ነበርኩ። ጓደኛዬ ውሃ ሲጠማት ፍቅር የማጠጣት ሴት ሆኜ መቅረት አልፈለግሁም።

ስለዚህ ስሚኝ። አስቤበታለሁ፤ የማስበው ደግሞ ጥሩ አድርጌ ነው።

የዘፈንሽን መሃል አስታውሺ። ሙዚቃው ዝቅ ይልና ሴትየዋ መዝፈኗን ትተዋለች፤ ትናገራለች። "ጃንጥላህን ልመልስልህ ብቻ ነው የመጣሁት" ትላለች። ያ ቦታ ዜማ የለውም፣ ከፍታም የለውም። እኔ እዘፍናለሁ። ቃሉን ከቴሌቪዥኑ ላይ በገዛ ዓይኔ አነበዋለሁ፤ ውስብስቦቹ የቻይና ምልክቶች ሲያስቸግሩኝ፣ ንባባቸውን ለማሳየት ከላያቸው የተጻፉትን ትንንሾቹን ፊደላት እከተላለሁ። ንግግሩ ሲደርስ ማይኩ ያንቺ ነው።

ድምፄ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻክሯል ብለሽ ለእማማ ኪኑ አስነግረሻል አሉ። ይሁና። ያን ሁሉ ጊዜ ዝናብ ላይ ቆማ የጠበቀች ሴት ድምፅ ማር ሊሆን ነው? ተቆጪኝ፣ ግን ልንገርሽ፤ ድሮ ያን ንግግር ስትናገሪው ቅዳሜ ገበያ የወጣች ኮረዳ ነበር የምትመስይው። ዘፈኑን አምኜልሽ ንግግሩን አላምንሽም ነበር። አሁን ግን ማንም ያምንሻል።

አልችልም እንዳትዪኝ። በዚህ ዕድሜዬ በልጆች ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ፊደል ስቆጥር፣ አልችልም የሚለውን ቃል ጽፌ ጽፌ ሰልችቶኛል። አጻጻፉም ያን ያህል አያምርም።

የዚያን ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ባቡር ጣቢያው መውጫ ላይ ነኝ። ከኦካያማ የሚመጣው የትኛው እንደሆነ ሰሌዳውን እኔው አነባለሁ። በመጀመሪያው ካልመጣሽ ሁለተኛውን እጠብቃለሁ፤ ከዚያም የሚቀጥለውን። ከምሳ በኋላ ግን፣ መጣሽም ቀረሽም፣ ሃማዩ ገብቼ ማይኩን እይዛለሁ። ብቻዬን ከሆንኩ ንግግሩ ቦታ ላይ ስደርስ አፌን እዘጋለሁ። ቺዙሩም እንዳትሞክረው ነግሬያታለሁ። ሙዚቃው ባዶውን ይሂድ፤ ቤቱ ሁሉ የቀረችውን ሰው ይስማ። ከዚያ ወዲያ እማማ ኪኑ ዘፈኑን ለማን እንደምትሰጠው አያለሁ።

ልጅሽን ሰላም በዪልኝ። ትኬቱን እሷ ትቁረጥልሽ፤ እምቢ ካለችሽ ይህን ደብዳቤ አስነብቢያት።

ያንቺዋ
ሚትሱዮ

ስሜን ከጻፍኩ በኋላ ብዕሩን ማስቀመጥ ከበደኝ። የጻፍኩልሽ ሁሉ እውነት ነው፣ የድመቷ ነገር ብቻ የእኔ ፈጠራ ነው። ቺዙሩ አሳምራ ነው የዘፈነችው። ጋሽ ቶኩጂ ሻዩን አስቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ፤ እማማ ኪኑ ብርጭቆ ማጠቧን ተወች። እኔም እግሬ ወለሉን ሲመታላት አገኘሁት። ማሽኑን ያጠፋሁት ያኔ ነው።