የሞላ ሚዜና የጥይቱ መጽሐፍ

ታኅሣሥ 30፣ ጠዋት
ገብሱ ተወቅቷል። ነፋስ እጠብቃለሁ፤ ነፋስ የለም። መንሹ ተጋድሟል፣ እኔም ተጋድሜ አነባለሁ። ሰው ሲያልፍ ገጹን በኃይል እገልጣለሁ፤ እንዲሰማ። የገና እንግዶች ከላሊበላ ሲመለሱ በዚሁ ነው የሚያልፉት። አንድ መነኩሴ ቆመው ዳዊት ነው ወይ አሉኝ። የለም አባ፣ ልብ ወለድ ነው አልኋቸው። አማተቡ።

አንቺ ደብተር፣ አትሳቂ። ከማታ ት/ቤት አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሚስቴ ታንጉት አንደኛዋ እኔ ነኝ ትላለች። ውጤቱን አልደብቅሽም፤ ግን አልጽፈውም።

አስተማሪያችን መ/ርት ሰናይት መጽሐፍ ሰጥታኛለች። የወጣቶች ነው። ለእኔ፣ ጢሜ ለሸበተው! ለቅዳሜ ሳምንት ክፍሉ ፊት ቆሜ ደራሲው ምኑን እንዳሳመረ፣ ምኑን እንዳበላሸ እናገራለሁ። ጉዳዩ ጥይት ነው። ለጥይትማ ከእኔ ሌላ ማን ይጠየቃል? በዚህ ቀበሌ ሰርግ የሚከፈተው በእኔ በካሴ ምንሽር ጠመንጃ ነው።

ጥር 3፣ ከሰዓት
ግማሽ ደረስኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ጎረምሳ የአባቱን ጠመንጃ ለጓደኛው ሲያሳይ ይባርቅበታል። ጓደኛው ይሞታል። ልጁ ወደ አዲስ አበባ ይጠፋል። ያለቅሳል። እጁን ይታጠባል። እንደገና ያለቅሳል። ባለቀሰ ቁጥር ዝናብ ይዘንባል። ላስታ ላይ በሐዘን ልክ ቢዘንብ በዓመት ሦስቴ ባጨድን ነበር።

ሽማግሌ የሚባል የለም! ሰው ሞቶ ሽማግሌ የማይቀመጠው የት አገር ነው? የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ፣ ቄስ መስቀል ይዘው፣ ሟች ደጅ አይወድቁም? ደራሲው ቢጠይቀኝ በአምስት ገጽ እጨርስለት ነበር። ታንጉት፣ አምስት ገጽ ማን ይገዛሃል አለችኝ። ይቺ ሴት መነገድ ነበረባት።

ጥር 4
እህቴ ቤት ነኝ። እሷ ትፈትላለች፣ እኔ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ልጇ ደሳለኝ ጓዳ ነው። አለ እልሻለሁ እንጂ ሲተነፍስም አይሰማ።

ስለ እሱ አልነገርኩሽም። አምና ጎረቤት ሰርግ ላይ ከጎበዙ ጋር ተኮሰ። ጠመንጃውን ሲያወርደው ባረቀና የጓደኛውን የሞላን ክንድ መታ። ሞላ ተረፈ፤ የቀኝ ጣቶቹ ግን አይታጠፉም። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ አባቶች ማሉ፣ በግ ታረደ፣ አለቀ። ለእኛ አለቀ። ደሳለኝ ከዚያ ወዲህ ከቤት እርሻ፣ ከእርሻ ቤት። ገበያ የለ፣ ማኅበር የለ። ሞላ ከጥምቀት በኋላ ያገባል። ሚዜዬ ደሳለኝ ነው ብሎ ደጋግሞ ልኮበታል። እምቢ። እህቴ ፈርታለች። ልብሱን ሰብስቦ አስሮ አየችው። ከሰርጉ በፊት አገር ጥሎ ሊጠፋ ነው ትላለች።

የመጽሐፉ ልጅ እጁን የሚታጠብበት ላይ ስደርስ ከጓዳ ድምፅ መጣ። "እሷን ይድገሟት፣ አያ።"

ከአምና ወዲህ ከአፉ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር። ደገምኩለት። ቀልድ ጣል ላደርግበት ነበር፤ ተውኩት። እኔ!

ጥር 5፣ ጠዋት
ትናንት ደሳለኝ መጽሐፉን ተቀብሎኝ ራሱ ጨርሶታል። ዛሬ ፀሐይ ሳትሞቅ ውድማው ላይ መጣ። ተቆጥቷል። ደስ አለኝ፤ የሚቆጣ ሰው ደህና ነው። መጨረሻው ላይ የሟች እናት ልጁን መንገድ ላይ አግኝታ ታቅፈዋለች፣ ይላቀሳሉ፣ ይዘንባል፣ አለቀ።

"ውሸት ነው! አቀፈችው፣ እሺ። በነጋታውስ? ቁርስ ሲቀርብለት ምን ሆነ?"

እኔም የሽማግሌውን ነገር አመጣሁ። የእኛ ይሻላል፣ እናንተ በወጉ ታርቃችኋል አልኩት።

"ማን ታረቀ? የታረቁት አባቴና የሞላ አባት ናቸው። እኔና ሞላማ ጓሮ በጉን ስንገፍፍ ነበር። እሱ በደህና እጁ ይይዛል፣ እኔ እገፍፋለሁ። አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እርስዎ ነዎት ደግሞ 'ቶሎ በሉ፣ ጉበቱን አምጡት' እያሉ ያጣደፉን።"

ብያለሁ። ጉበቱም ጥሩ ነበር። ለታንጉት እንዳትነግሪብኝ።

ጥር 8፣ ቅዳሜ
ተናገርኩ! ብታዪኝ! ጭብጨባው ተራራው ጫፍ አሸተን ማርያም ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ባጭሩ፦ ደራሲው የጸጸትን ውስጥ ያውቃል። እጅ መታጠቡን፣ የጎረሱትን አለመዋጡን። ግን ልጁን ብቻውን ተወው፤ አጎት እንኳ አልሰጠውም። ማቀፉም ተቻኮለ፤ የታቀፈው መጽሐፉ ሊያልቅ ስለሆነ ነው። እኛ ደግሞ ሽማግሌው ሞልቶናል፣ ልጁን ምን ሆንክ የሚል የለም። ደራሲውና ሽማግሌዎቻችን አንድ ቀን ቁጭ ብለው ቢመካከሩ መልካም ነበር አልኩ። መ/ርት ሰናይት ጻፈችው! የእኔን ቃል!

ታንጉት እጇን አወጣች። መጀመሪያውኑ ጠመንጃው ለምን ወጣ? መጽሐፉ አልጠየቀም፤ አንተም አልጠየቅህም አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ስንደርስ አልሳቅሁም።

ጥር 9፣ እሁድ፣ ወደ 6 ሰዓት
ከቅዳሴ በኋላ ሞላን ይዤ እህቴ ቤት ሄድኩ። ሁለቱን ብቻቸውን አስቀምጬ ወጣሁ። እንዳልሰማ ራቅ አልኩ። (ትንሽ ሰማሁ። በኋላ ሞላ ሳቀ።)

ሲወጡ ደሳለኝ ቃሉን ሰጠ። ሚዜ እሆናለሁ፤ ጥይት ከተተኮሰ ግን መቆም አልችልም። ሞላም አንገቱን ደፋ። እሱም ተኩስ ሲሰማ ያን እጁን ደብቆ ጓዳ ይገባል፤ ለአባቱ መናገር አፍሮ ነው።

አባቱ አያ በሪሁን ደግሞ ተኩስ የሌለው ሰርግ ለቅሶ ነው ባይ ናቸው። የካሴ ምንሽር ይከፍታል ብለው ለአገሩ አውርተዋል። ደስ ብሎኝ ነበር።

ወሰንኩ። ምንሽሩ ከቤት አይወጣም፤ የሌላም ሰው እንዳይወጣ እለምናለሁ። አሁኑኑ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ፈራህ ይሉኛል። እኔን! ይበሉኝ። በአፌ እፎክራለሁ፤ ከጠመንጃው የሚያንስ ድምፅ የለኝም። እምቢ ካሉም

ቆይ። ታንጉት በር ላይ እየሳቀች ትጠራኛለች። ደሳለኝ መጥቷል። ጋቢውን ለብሷል፣ ዱላ ይዟል። ብቻዎን አይሄዱም፣ እኔው እነግራቸዋለሁ ይላል። በሰንበቴው በኩል እንለፍ ይላል። በሰንበቴው! አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ በሚበላበት! መጣሁ በይልኝ፣ ጫማዬን