ግመል ያለበት ሳጥን

ማክሰኞ፣ ጥር 6 ቀን 1989

አገኘሁት! ላፍቶ ወተት ልገዛ ሄጄ፣ ወተት ሻጩ ጋሽ ቶላ ግቢ ውስጥ ዶሮ ሰፍሮበት። የጥንት የስፌት መኪና የመጣበት የጣውላ ሳጥን ነው፤ ጎኑ ላይ የፋብሪካው ምልክት፣ ግመል፣ ከነጽሑፉ በጥቁር ቀለም ታትሟል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ልጅ ሆኜ የቤት ሥራዬን የምሠራው ልክ እንዲህ ባለ ሳጥኑ ላይ ነበር። ከሱ ዕቃ አንድም አልቀረልኝም።

"ይስጡኝ" ብላቸው ሳቁ። "ዶሮዎቹንስ የት ላሳድራቸው፣ እትዬ?"

ረቡዕ፣ ጥር 7

የዶሮ ቤት ለአናጺ አዘዝኩ።

ቤቴ ውስጥ አሥራ አንድ ሳጥን አለ። የሻይ፣ የሳሙና፣ የብርጭቆ። ከየመጋዘኑ ለማገዶ ሲጣሉ የለቀምኳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሬን የሚያንኳኳው ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው። ባለፈው "ሱቅ ሊከፍቱ ነው?" ሲለኝ ተቆጣሁት። ከሄደ በኋላ ምነው ትንሽ ባቆየሁት አልኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 8

ጋሽ ቶላ አዲሱን የዶሮ ቤት ዞረው ዞረው አዩት። "ይሄማ ከኔ ቤት ይሻላል!" ሳጥኑን ላስጭን ስል ግን ከለከሉኝ። "በበዓል ሰሞን ከነኩሱ? ነውር ነው። ነገ እኔው አመጣዋለሁ።"

ምን ነበረበት ዛሬውኑ ብወስደው!

ዓርብ፣ ጥር 9

በአህያ ጭነው አመጡት። አጥበውታል። በመላጊያም ልገውታል። ግመሉ የለም፣ ፊደሉ የለም፣ ነጭ ጣውላ ብቻ።

"ያ ጥቁር እድፍ አልለቅ ብሎኝ መላጊያ ተዋስኩ" አሉ። ጣታቸውን ስንጥር ወግቷቸዋል። "አምሮበታል፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ።

ሸኝቻቸው ስመለስ አለቀስኩ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ ለግመል!

ቅዳሜ፣ ጥር 10፣ ከተራ

ሰዉ ሁሉ ታቦት ሊያጅብ ወጣ። እኔ ቀረሁ፤ ብቻዬን ሰው መሀል መቆም ይብስብኛል።

በር ተንኳኳ። ጋሽ ቶላ፣ የበዓል ወተት ይዘው። ሌሎቹን ሳጥኖች ከነጽሑፋቸው አዩ፤ ፊቴንም አዩ። "ያ እድፍ..." ብለው ቆሙ። መዋሸት አቃተኝ። ስለ አባቴ ነገርኳቸው፤ ስለሱ ለሰው ካወራሁ ስንት ዓመቴ! ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

ከዚያ ከምድጃው ከሰል አነሱ። "ግመሉ ፊቱ ወዴት ነበር?"

"ወደ ግራ።"

ግመል በቅርብ አይተው አያውቁም፤ የሳሉት ላም ነው የሚመስለው። ጡት ሊያወጡለት ሲሉ "ኧረ ጋሽ ቶላ!" ብዬ በሳቅ ፈረስኩ። ሦስተኛው እግር ላይ የላማቸው ማለቢያ ሰዓት ደረሰ። "አራተኛውን ነገ፣ ከጥምቀት መልስ" ብለው ሄዱ።

ከሰሉ እዚሁ ነው። አንድ እግር እኔም መሣል አያቅተኝም ነበር። ተውኩት።