የአባባ የምትዘገየው ምት

ይድረስ ለወንድሜ ለመሳይ፣ ሻርጃ።

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ያ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታነሳ የያዘህ ሕመም በእርግጥ ለቀቀህ ወይስ እኛ እንዳናስብ ብለህ ነው «ተሽሎኛል» የምትለው? እንቅልፍ ትተኛለህ? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ? እማዬ ለብቻው ጠይቂልኝ ያለችው ደግሞ አለ፤ ጸሎትህን እንዳልተውክ ማወቅ ትፈልጋለች። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። እማዬ ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ፣ ጉለሌም ከነብርዷ ባለችበት ናት። አባባም ደህና ነው ብዬ ላልፈው ነበር፤ ግን ወረቀት ያነሳሁት ስለ እሱ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

እንደ ወትሮዋ ለምን በቴሌግራም ድምፅ አልላከችም ትል ይሆናል። ቤታችንን ታውቀዋለህ፤ እኔ ጓዳ ሆኜ ስተነፍስ አባባ ካልጋው ላይ ይሰማኛል። ደግሞም ደብዳቤ ጻፊለት ያለኝ እሱ ራሱ ነው። ድምፅ ሰው መንገድ እየሄደ ይሰማዋል፣ ወረቀት ግን ቁጭ ብሎ ነው የሚያነበው አለኝ። ጎረቤታችን ሩፋይዳ ሐሙስ ጠዋት ዕቃ ልታመጣ ዱባይ ትበራለች፤ ይህን በእጇ ታደርስልሃለች። ለአባባ የምትገዛውን ኮንትሮለር፣ ያንን ፓዶቹ በጣት ሲመቱ የድራም ድምፅ የሚያወጣውን ዕቃ፣ ይዛልን የምትመጣውም እሷው ናት። ከዚህ ጉዞ በኋላ እስከ ፋሲካ ንቅንቅ አልልም ብላናለች። ስለዚህ የትኛውን እንደምትገዛ ቁርጡን የምታገኘው እዚህ ወረቀት ላይ ነው፤ እስከ መጨረሻው ሳታነብ ሱቅ እንዳትገባ።

ባለፈው ሰኔ ስትሮኩ ከመታው ወዲህ የአባባ ቀኝ እጅ ከትከሻው አልነሳ፣ ቀኝ እግሩም የድራሙን ፔዳል አልረግጥ እንዳለው ታውቃለህ። ድራሙን እማዬ በአንሶላ ሸፍናው ነበር የከረመው፤ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ኅዳር ላይ ዊንጌት ከምሠራበት ስቱዲዮ ያንን አሮጌ ባለ አሥራ ስድስት ፓድ ኮንትሮለር ተውሼ ሳመጣለት የሕፃን መጫወቻ ነው ብሎ ዞር ብሎም አላየውም። ትከሻ አይፈልግም፣ እግርም አይፈልግም፣ ጣት ብቻ ነው አልኩት። ከሳምንት በኋላ ከሥራ ስገባ ላፕቶፔ ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። በእግሩ ይመታው የነበረውን ኪክ ለግራ አውራ ጣቱ ሰጥቶታል። ቀኝ እጁ ላይ ለሚታዘዙት ሁለት ጣቶች ሃይሃቱን፣ ያንን ጸናጽል፣ እና ትንሹን ከበሮ ስኔሩን አስጠግቶላቸዋል። አምስት ዓመት ስቱዲዮ ውስጥ የዘፈን ቢት የሠራሁት እኔ እንኳ ፓዶቹን እንደዚያ መደርደር አልመጣልኝም።

ችግሩ ዕቃው ነው። ፓዶቹ አርጅተው ደርቀዋል፤ ጠንከር አድርገህ ካልመታሃቸው አይሰሙም። የአባባ ቀኝ ጣቶች ከመቱት ግማሹ ድምፅ ሳያወጣ ይቀራል፣ የወጣውም እዚያና እዚህ ይረግጣል። ፊቱ ሲጠቁር አየሁና አንጀቴን በላው። ሶፍትዌሩ ላይ ሁለት ነገር አለ፤ አንዱ ደካማውንም ጠንካራውንም ምት እኩል ያስጮኸዋል፣ ሌላው ኳንታይዝ የሚባለው ማረሚያ ደግሞ ከመስመር የወጣውን ምት ሁሉ ስቦ ቦታው ላይ ያስቀምጠዋል። ላብራው ወይስ ይቅር ብዬ ስጠይቅህ ምን ብለህ እንደመለስክልኝ ስልኬ ላይ አለ፤ «አብሪው፣ አባባ አይነቃም»። እኔም እንዲህ የሚለኝ ሰው ነበር የፈለግኩት። አበራሁት።

መሳይ፣ ያን ቀን ብታየው ኖሮ! ችክችካውን አራት ዙር መታ፣ ማሽኑ ቀድቶ መልሶ አሰማው፤ አንድም እንከን የለውም። ሄድፎኑን በግራ እጁ ጆሮው ላይ ተጭኖ እስከ መጨረሻው ሰማ፣ ከዚያ ሳቀ። ከሰኔ ወዲህ ያ የመጀመሪያ ሳቁ ነው። በማግሥቱ ለባንዱ መሪ ለጋሽ ደቻሳ ደወለና የቅበላውን ሠርግ የምመታው እኔ ነኝ አላቸው። ሠላሳ ዓመት በአንድ ባንድ አብረው ሲሠሩ ተክሌ እያሉ የሚጠሩት አባባ ያለው ቀርቶ ስለማያውቅ ጋሽ ደቻሳም አላመነቱም፤ ረቡዕ ልምምድ ላይ እንስማህ አሉት። እኔም ያን ጊዜ ነው ትልቁን፣ ያለ ላፕቶፕ የሚሠራውንና ራሱ የሚያርመውን ግዛ ብዬ የጻፍኩልህ።

ባለፈው እሑድ ጉድ ፈላ። ከቅዳሴ መልስ ብቻውን ሲለማመድ እኔ ልብስ አጥብ ነበር። ያቺን የምትዘገየውን ምቱን ታስታውሳታለህ አይደል? ችክችካ ሲመታ የመጨረሻዋን ምት ትንሽ ወደ ኋላ ይዞ ነው የሚለቃት። እማዬ የሠርግ ድንኳን ውጭ ቆማ ሳታየው «የኔው ነው» የምትለው በእሷ ነበር። ለካ ያቺን ምት እየፈለጋት ኖሯል። አዘግይቶ ይመታል፣ ማሽኑ ቀጥ አድርጎ ይመልስለታል። ደግሞ ያዘገያል፣ ደግሞ ቀጥ። በመጨረሻ ሆን ብሎ አበላሽቶ፣ በትንሿ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ ሞከረው፤ ያም ቀጥ ብሎ፣ ጮኾ ወጣ።

ጠራኝ። ሄድፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ይሄ የሚመታው ማነው?» አለኝ። አንተ ነህ አልኩት። «እኔማ አሁን አበላሸሁ፤ ያበላሸሁት የት ሄደ?» አለኝ። እጄ አረፋ እንደነካው ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። ያንተንም ስም አልደበቅኩም፤ ብቻዬን አልወድቅም። አልተቆጣም። ቢቆጣ በወደድኩ። «ደቻሳን በሰው እጅ አታለልኩት ማለት ነው» ብሎ ወደ አልጋው ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ሰኞን ሙሉ ምግቡን ነካ አድርጎ ነው የመለሰው። ለጋሽ ደቻሳም ደውሎ ልምምዱ ይቅርብኝ አላለም። እማዬ እባክህ አሞኛል በላቸው ብትለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት ግን «አጥፊውና አምጪው» አለኝ። ሁለቱንም አጠፋሁ። መሳይ፣ አልዋሽህም፣ ከባድ ነው። ሃይሃቱ ይጠፋል፣ ስኔሩ ሁለት ጊዜ ይመጣና ሦስተኛው ይቀራል። ለነገ ብቻ ላብራልህ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ብዬ እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ሠላሳ ዓመት ያልዋሸሁትን ሰው ዛሬ አልጀምርም አለ። ነገ በባንዱ ሁሉ ፊት ቢሰበር ዳግም እጁን ፓድ ላይ የሚያሳርፍ አይመስለኝም። ያንን ግድግዳ ደግሞ ሌላ ስምንት ወር ሲያየው ልከርም አልችልም። ፈርቻለሁ። ነገ ካልተሳካ ምንም አትግዛ፤ ይህን ጽፌ ላሽገው ነው። ወይም አላሽገውም፣ ቆይ።

አሁን ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ልምምዱ አልቆ ቤት ገብተናል።

በዓል ስለሆነ ሁሉም መጥተው ነበር። ጋሽ ደቻሳ ግቢ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ኪቦርዱ፣ ቤዙ፣ ዘፋኟ፣ በሩ ጋ ደግሞ የአባባን ቦታ ስምንት ወር ይዞ የቆየው ድራመር ስቲኮቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እኔ ላፕቶፑን ይዤ ከአባባ ጎን ነበርኩ። አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ፤ ያ ማሽኑ ቀድቶ ያስቀረው የታረመ ችክችካ ላፕቶፑ ላይ አልጠፋም። አንድ ቁልፍ ብጫን ይገባል፣ ስክሪኑ ደግሞ ወደ እኔ ብቻ ነው የዞረው። አባባ ጣቱን ፓዱ ላይ ቢያንቀሳቅስ በቂ ነው፣ ማንም አያውቅም።

የመጀመሪያው ዘፈን ቀስ ያለ ስለነበር አለፈ። ሁለተኛው ችክችካው ነው። ግማሹ ድረስ ጥርሱን ነክሶ ሄደ፣ ከዚያ ቀኝ ጣቶቹ ደከሙ። አንድ ምት ጠፋ። ሁለት ጠፋ። ዘፋኟ ዞር ብላ አየችው። በሩ ጋ ያለው ልጅ ስቲኮቹን አነሳ። እኔ ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳረፍኩ፣ ልጫነውም ነበር። አባባ አንገቱን ሳያዞር «ሄርሜላ፣ እጅሽን አንሺ» አለኝ፣ ያውም ሁሉም እየሰማ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን አነሳሁ።

ከዚያ የሆነውን በደንብ ለመንገር ቃል ያጥረኛል። ጋሽ ደቻሳ ኪቦርዱ ላይ በቀኝ እጃቸው የሚጫወቱትን ተዉና በግራቸው ብቻ ያዙ፤ ቀስ አደረጉት። ቤዙ ተከተላቸው። ዘፋኟም ቃሏን እየሳበች ጠበቀችው። ማሽኑ አባባን እየጎተተ ወደ ራሱ መስመር ያመጣው ነበር፤ እነሱ ግን እሱ ያለበት ድረስ መጡለት። ሁለት ዙር እንደዚያ ሄዱ። በሦስተኛው ላይ ያቺ ምት መጣች፤ ዘግይታ፣ ደክማ፣ ግን የሱ ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት እሷው ናት። ላፕቶፑን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ማንም ዞሮ አላየኝም።

ሁሉም እንዳሰብነው ሆነ እንዳትል። ጋሽ ደቻሳ ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና፣ ተክሌ፣ እሑድ ሠርጉ ላይ ቀስ ያሉትን ሦስቱን አንተ ምታ፣ ፈጣኑን ልጁ ይያዝ፣ ሕዝብ ፊት እንድትወድቅ አልፈቅድም አሉት። ፊቱ ጠቆረ። አሁን ተነስቶ ሊወጣ ነው ብዬ ከዘራውን ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር። አባባን ታውቀዋለህ። እሱ ግን «እሺ፤ ግን የሙሽሮቹ መግቢያ ከሦስቱ አንዱ ካልሆነ አልመጣም» አለ። ጋሽ ደቻሳ ሳቃቸው አምልጧቸው ይሁን አሉ። በሩ ጋ የነበረው ልጅ መጥቶ ላፕቶፔን እስከ ታክሲው ተሸከመልኝ። ስጠላው የከረምኩት በከንቱ ነበር።

ታክሲ ውስጥ ነው የሚጻፍልህን የነገረኝ፤ እንዳለው እጽፋለሁ። መጀመሪያ ያንን የታረመ ችክችካ እዚያው መቀመጫችን ላይ እያየ አስጠፋኝ። ትልቁን አትግዛ። አብሮህ የሚያድረው ሙንዲር ፎቶውን የላከልንን ትንሹን፣ ለስላሳ ፓድ ያለውን ግዛ። ላፕቶፕ ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ነው የሚሠራው፤ ይሁን። ሶፍትዌሩ ያለኝ ይበቃናል፣ አባባ የጠላው ሁለቱን ማረሚያዎች ብቻ ነው። ሱቁ ውስጥ በትንሿ ጣትህ ዝንብ እንዳረፈች ያህል ንካው፣ ቀጥሎ ጠንከር አድርገህ ምታው። ቀስ ያለው በቀስታ፣ ጠንካራው በጥንካሬ ካልወጣ ተወው። ሻጩ ራሱ ያስተካክላል ብሎ ቢያሞግስልህ ደግሞ ፈገግ ብለህ ውጣ። የአባባ ቃል ይህ ነው፤ «የሚያርመኝን አልፈልግም፤ የሚሰማኝን ይላክልኝ።»

ተቀይሜሃለሁ ብሎሃል ብለሽ ጻፊለት አለኝ። ዊንጌት ስንወርድ ደግሞ አይ፣ እሱን ተይው አለ። ሁለቱንም ጽፌልሃለሁ፣ የሚሻልህን ውሰድ።

ለሙንዲር ፎቶ ለማንሳት ስለደከመልን አመስግንልኝ፤ ምግብ በማብሰል ተራህ እንዳታታልለውም እለምንሃለሁ። አብረውህ ለሚያድሩት ሁሉ በስማቸው ሰላምታዬን አድርስ። እማዬ ዓይንህን ስማሃለች፤ ሽሮና በርበሬውን ሩፋይዳ ሻንጣ ውስጥ ከልብሱ ሥር ነው የከተተችው። ከጾሙ በፊት አንድ ቀን ሥጋ ብላልኝ ብላለች። እኔ ናፍቄሃለሁ፤ ብትኖር ኖሮ ያን ቁልፍ ሁለታችን ተሻምተን እንጫነው ነበር ብዬ ስቄአለሁ።

ከታች ያለችው የተንሻፈፈችው ፊርማ የአባባ ናት። በቀኝ እጁ ነው የፈረመው፤ የመጨረሻዋ ፊደል ከመስመር ወርዳለች። ብዕሩን ተቀብዬ ላቃናት ነበር። አልነካኋትም።

እህትህ ሄርሜላ ተክለሃይማኖት
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.