እትዬ ከዚያስ፣ ልጆች በራሳቸው አፍ እስኪናገሩ የታገሡ

እናታቸው የታጠበ አንሶላ ከገመድ ላይ አውርደው፣ ጥጉን ከጥግ እያጋጠሙ ሲያጥፉ ነበር ምጡ የመጣው። አንሶላውን አጥፈው ሳይጨርሱ ወደ ቤት ገቡ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም የመጀመሪያ ልጃቸውን ታቀፉ። ዛሬ የምንሸኛቸውና ትልቅ ትንሹ «እትዬ ከዚያስ» እያለ የሚጠራቸው እህታችን፣ ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከፖስታ አዳይ አባታቸው በ1946 ዓ.ም. እንዲህ ተወለዱ። ከአራት ዓመት በኋላ ታናሽ እህታቸው ተከተሉ፤ ሁለቱም በአንድ አልጋ፣ አንድ ብርድ ልብስ እየተጓተቱ አደጉ።

በልጅነታቸው ዝምተኛ ስለነበሩ ጎረቤት ሁሉ «ይቺ ልጅ አፍ የላትም እንዴ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ታናሽየዋ የሁለቱንም ድርሻ ስለሚያወሩ ቤቱ ጭር ብሎ አያውቅም። «እትዬም ርቧታል፣ እኔም ርቦኛል» ብለው በሁለት ሰው ስም ይጠይቁ ነበር፤ ትልቅየዋ ባይርባቸውም ይበሉ ነበር።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ሥነ ልቦናን መረጡ። በመጀመሪያ ያጠኑት የልጆችን እድገት ነው፤ ልጅ ሌላው ሰው እሱ የሚያውቀውን እንደማያውቅ መቼ እንደሚገባው፣ ያየውንና የሰማውን መቼ መለየት እንደሚጀምር። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሠሩት የምስክሮች ትውስታ ላይ ነበር። ትምህርታቸውን እንደጨረሱም በፍርድ ቤት የልጆች ቃል መቀበያ ክፍል ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያ አልተነሡም።

ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ አንድ መስኮት፣ የመኪና ማቆሚያውን የሚያይ፣ አንድ ምንጣፍና ሁለት ወንበሮች። ከልጅ ዓይን ትይዩ ለመሆን ብለው የራሳቸውን ወንበር እግሮች በአናጢ አስቆረጡ። የሥራ ባልደረቦቻቸው «የሌላው ሰው ወንበር በየሹመቱ ከፍ ይላል፣ ያንቺ ደግሞ ያጥራል» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

ልጅ ሲገባ መጀመሪያ የሚሉት ይህን ነበር፦ «እኔ እዚያ አልነበርኩም። የሆነውን አላውቅም። የማታውቀውን ነገር ከጠየቅሁህ አላውቅም በለኝ፤ እሺ?» ቀጥለው «የውሻዬ ስም ማን ነው?» ይላሉ። ልጁ «አላውቅም» ካለ «ጎበዝ!» ይሉታል። ገምቶ «ቡቺ» ካለ ግን ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ውሻ ኖሯቸው አያውቅም።

ከዚያ በኋላ የሚጠይቁት እምብዛም አልነበረም። ልጁ የጀመረውን ሲያቆም ይጠብቃሉ፤ ዝምታው ሲረዝም «ከዚያስ?» ይላሉ፤ ይኸው ነው። ስሙን ያወጡላቸውም ልጆቹ ናቸው። ለሚያሠለጥኗቸው ወጣቶች ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ልጅ ትልቅ ሰው ሁሉን ያውቃል ብሎ ያምናል ይሉ ነበር። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ሲጠየቅ የመጀመሪያው መልሱ የተሳሳተ ይመስለውና ይቀይረዋል። መልሱን በጥያቄው ውስጥ ካገኘው ደግሞ ይወስደዋል፤ ከሰነበተም በዓይኑ ያየው ይመስለዋል። ይህ ውሸት አይደለም፤ ትልልቆቹም ከዚህ አያመልጡም። ለዚህ ሲሉ በስብሰባ ላይ ማንም ከመናገሩ በፊት እያንዳንዱ ሰው ሐሳቡን በወረቀት ጽፎ ወረቀቱን ገልብጦ እንዲያስቀምጥ ያደርጉ ነበር። አለዚያ የመጀመሪያው ሰው ይናገራል፣ የቀሩት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት በጥርስ ሕመም ነው። የጥርስ ሐኪሙ አንዱን መንጋጋ በመሣሪያው መታ አድርገው «ይሄ ነው አይደል?» ቢሏቸው፣ አፋቸውን እንደከፈቱ «እንዲህ አይጠየቅም» አሏቸው። በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው ተጋቡ። ሐኪሙ «ያንቺ ልጆች አፋቸውን በፈቃዳቸው ይከፍታሉ፤ እኔ ነኝ በግድ የማስከፍተው» እያሉ አርባ ዓመት ቀለዱ። አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ወንዱ ልጃቸው እንደሚናገረው፣ ሌላ እናት «ብርጭቆውን አንተ ነህ የሰበርከው!» ስትል የእሱ እናት ቁጭ ብለው ስለሚጠብቁ፣ ስለ ብርጭቆው ጀምሮ ማንም ያልጠየቀውን የጎረቤት መስኮት ተናዝዞ ይነሣ ነበር።

በሥራ ዘመናቸው ከባድ የሆነባቸው ነገር የመጣው በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት መኪና ስትወርድ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። መጀመሪያ የደረሱላት መምህርቷ ነበሩ። የመኪናው ሾፌር በቁጡነታቸው ይታወቁ ስለነበር መምህርቷ ልጅቷን አቅፈው «ሾፌሩ ገፍቶሽ ነው አይደል የኔ ቆንጆ?» አሏት። ልጅቷ እያለቀሰች ራሷን ነቀነቀች። ያንኑ እናቷ ጠየቋት፤ ርእሰ መምህሩ ጠየቋት፤ ፖሊስ ጠየቃት። በጠየቋት ቁጥር ታሪኩ እያደገ ሄዶ፣ ፖሊስ ጋ ሲደርስ ሾፌሩ ገፍተዋት ብቻ ሳይሆን «ብትናገሪ ወዮልሽ» ብለዋት ነበር። ሾፌሩ ታሰሩ። እትዬ ከዚያስ አምስተኛዋ ጠያቂ ሆነው ተጠሩ።

መምህርቷ ታናሽ እህታቸው ነበሩ።

ይህንኑ አስቀድመው ለፍርድ ቤቱ አሳውቀው ሌላ ባለሙያ እንዲተካ ጠየቁ። ሌላ ባለሙያ አልተገኘም፤ ዐቃቤ ሕጉም የተከሳሹ ጠበቃም ተስማሙባቸውና ሥራውን ያዙት። ልጅቷ ስለ ወደቀችበት ቀን ስትናገር ደረጃው እርጥብ እንደነበር፣ የቦርሳዋ ማሰሪያ በሩ ላይ እንደተያዘ ገለጸች። «ቦርሳዬ መኪናው ውስጥ ቀረ፣ እኔ ወረድኩ» አለች። ስለ ሾፌሩ ስትደርስ ግን ድምጿ እንደ በቃል ጥናት ሆነ። «ይሄን በዓይንሽ ያየሽው ነው ወይስ ሰው የነገረሽ?» ሲሏት ትንሽ አሰበችና «ሚስ ናት የነገረችኝ» አለች።

በችሎቱ ዕለት አዳራሹ በወላጆች ሞልቶ ነበር። ታናሽ እህታቸው ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ዳኛው ጠየቁ፦

«ልጅቷ ዋሽታለች ነው የሚሉት?»

«አልዋሸችም፣ ክቡር ዳኛ። የተናገረችውን ታምንበታለች።»

«ታዲያ ማን ነው የዋሸው?»

«ማንም አልዋሸም። መጀመሪያ የጠየቃት ሰው መልሱን ከጥያቄው ጋር ሰጣት። ሌሎቻችን በዚያው ቀጠልን።»

«ማን ነው መጀመሪያ የጠየቃት?»

እትዬ ከዚያስ ውሃ ጠጡ። «መምህርቷ» አሉ። አዳራሹ በሙሉ ወደ ሁለተኛው አግዳሚ ዞረ። ታናሽ እህታቸው ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ።

ሾፌሩ ተፈቱ። እትዬ ከዚያስን «ለሾፌር ብላ ልጅ ሸጠች» ያላቸውም ነበር፤ ይህን ችለው አለፉት። ያልቻሉት የእህታቸውን ኩርፊያ ነው። ሰላምታው በባሎቻቸው በኩል ሆነ፤ በቤተሰብ ፎቶም ዳርና ዳር ይቆሙ ጀመር። እትዬ ከዚያስ የሚያውቁትን አደረጉ፤ ጠበቁ። በዚያች ክፍል ከማንም ልጅ ጋር እንደሚያደርጉት፣ እህታቸው ራሳቸው ጀምረው እስኪናገሩ ዝም አሉ። ዓመት አለፈ፤ ሌላም ዓመት አለፈ። በዓል ሲመጣ ስጦታ ይልካሉ፣ ስጦታው ይመለሳል፣ እሳቸውም ዝም ይላሉ።

በመጨረሻ ትዕግሥታቸው ያለቀው ባለቤታቸው ነበሩ። «አንቺ ሴትዮ፣ እህትሽ ምስክር አይደለችም! ዝም ስትያት ትናገራለች ብለሽ ነው? ዝም ስትያት የናቅሻት ነው የሚመስላት። ተነሺና ሂደሽ በሩን አንኳኪ።»

ሄደው አንኳኩ። ታናሽ እህታቸው ሳሙና በነካ እጃቸው በሩን ከፍተው ቆሙ። እትዬ ከዚያስ ዕድሜ ልካቸውን ሌላው ሰው እንዳይጠይቅ ሲከለክሉት የኖሩትን ጥያቄ ጠየቁ።

«ተቀይመሽኛል፣ አይደል?»

«ይሄ ደግሞ ጥያቄ ነው? መልሱን አብረሽ ሰጠሽኝ እኮ!»

«ሰጠሁሽ። ተቀበዪኝ።»

«ተቀይሜያለሁ! ስሜን አልጠራሽም፣ ሰው ሁሉ ግን ዞሮ አየኝ። እኔ እኮ ስታለቅስ አንጀቴን ስለበላችኝ ነው የጠየቅኋት።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ እስክትጀምሪ ስጠብቅ።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት? የሰባት ዓመት ልጅ መሰልኩሽ እንዴ እትዬ?»

ሳቅ የቀደማቸው ማን እንደሆነ ሁለቱም ተስማምተው አያውቁም፤ ሳሙናው ግን የእትዬ ከዚያስ ኮት ላይ መድረቁን ባለቤታቸው ይመሰክራሉ።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ እህትማማቾቹ አብረው በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ መምህራንን አሠለጠኑ። ታናሽየዋ ስለ ሾፌሩ ጉዳይ ራሳቸው ያወራሉ፤ ትልቅየዋ ጥግ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። ያለቀሰ ልጅ ሲገጥማቸው «ማን መታሽ?» ማለት ትተው «ምን ሆንሽ?» የሚሉ መምህራን ዛሬም አሉ።

እትዬ ከዚያስ ጡረታ ከወጡ በኋላ የልብ ድካም ሕመም ያዛቸው። ደረጃ መውጣት ሲከለከሉ አልጋቸው ወደ ምድር ቤት ወረደ፤ ታናሽ እህታቸውም ጓዛቸውን ጠቅልለው መጥተው በዚያው ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ አብረዋቸው ሰነበቱ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ትናንት ማክሰኞ ጠዋት በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እትዬ ከዚያስ ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። የታገሡትን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በዕረፍት ይቀበል፤ ለቀሩትም አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው አይንሳቸው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ታናሽ እህታቸው ሰው ሁሉ ከክፍሉ እንዲወጣላቸው ጠየቁ። የእህታቸውን ጸጉር ከግንባራቸው ጀምረው ወደ ኋላ በቀስታ አበጠሩ፤ ከጆሮ ግንዳቸው አካባቢ ያፈነገጠውንም አስተኙ። ሲጨርሱ በማበጠሪያው ጥርስ የቀሩትን ነጫጭ ጸጉሮች ለቀሙ፤ ማበጠሪያውን በፎጣ ጠርገው መሳቢያው ውስጥ አስቀመጡት።